ግማሽ የተላጨው ሬሳ

ዶን ኤሊዮዶሮ አርሲላ የሞተው ግራ ጉንጩ ተላጭቶ ቀኝ ጉንጩ ገና አረፋ እንደተቀባ ነው። ከጅረቱ ዳር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንገቱ ላይ አንዲት ቀጭን ፍላጻ ተሰክታ ተገኘች። ጭራዋ ላይ ጥጥ ተጠምጥሞባታል። በሳንታ ኢኔስ ተራራ እንዲህ ያለችውን ፍላጻ የማያውቅ የለም። የደኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኤምቤራዎች ጫፏን በወርቃማዋ እንቁራሪት ጀርባ ላይ አሽተው በረጅም ሸምበቆ ውስጥ ይከቷትና እፍ ይሏታል፤ ከዛፍ ጫፍ ላይ ያለ ዝንጀሮ ዱብ ይላል።

ስለዚህ ማንም ብዙ አላሰበም። ያን ዕለት ጠዋት ከጅረቱ ማዶ እንቁራሪት ሲለቅም የታየውን ኤምቤራ፣ ኦቶኒኤል ሲያጋማን፣ ከቤቱ እየጎተቱ አመጡት። «ገደልኩ በል!» አሉት። «አልገደልኩም» አለ። የዶን ኤሊዮዶሮ ሸንኮራ መጭመቂያ ዘንድ ወሰዱትና እጆቹን በሚሽከረከሩት ብረቶች መካከል አስገቡ። በቅሎዎቹን የነዳው ሰውዬ በኋላ ሲጠየቅ፣ «እኔ በቅሎ ነው የነዳሁት፤ ሌላ ነገር አላውቅም» ሲል መለሰ።

ኢንስፔክተር ፕላሲዶ ሞስኬራ የደረሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ከቆላው፣ ከትልቁ ወንዝ ዳር የመጣ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ብርዱን ፈርቶ ሁለት ሹራብ ደራርቧል። ከበቅሎው ሲወርድ የሟቹ ታናሽ ወንድም ራሚሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ራሚሮ ቀጭን ነው፤ ጀርባው ግን እንደ ጫኝ ጀርባ የሰፋ ነው። ክንዱ ላይ ጥቁር የሐዘን ጨርቅ አስሯል።

«ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው አንተን ላኩብን?» አለ ራሚሮ ከላይ እስከ ታች እያየው።

«ጥቁር ሰው በጭጋግ ውስጥ አይጠፋም ብለው ይሆናል» አለ ሞስኬራ እጁን እየዘረጋ። «ነፍስ ይማር ጌታው።»

«ያለቀ ነገር ነው። ገዳዩ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። መጻፍና መፈረም ብቻ ነው የቀረህ።»

«ሲያልቅ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን ሟቹን ልይ። እሳቸው አይዋሹኝም።»

ሬሳው ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሩ እስኪመጣ እንዳይነካ ተብሎ ስለነበር አላጠቡትም። ሞስኬራ ጎንበስ ብሎ አየው። በቀኝ ጉንጩ ላይ የደረቀውን አረፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና ከሥሩ ያለውን ጺም በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። አጭር ነው፤ እንደ አሸዋ ይሻክራል እንጂ በጣት አይያዝም። ከዚያ ፍላጻዋን ቀስ አድርጎ ነቀላት። ጫፏ ላይ ደረቅ ሳሙና ተለጥፏል። የፍላጻዋ እንጨት እንደ መርፌ ክብ ነው። ቁስሉ ግን ክብ አልነበረም፤ እንደተገጠመ ከንፈር ቀጥ ያለ፣ ስስ ስንጥቅ ነበር።

በመጨረሻም ፍላጻዋን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ጭራዋ ላይ ያለው ጥጥ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይሸታል። ሞስኬራ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

የሟቹ ሚስት ዶኛ ኤርሚኒያ ማድቤት ውስጥ ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። ልጅቱ ሉስ ዳሪ ትባላለች፤ ሁሉም ግን ዳሪ ይላታል። ገና ሃያዎቹን የጀመረች ልጅ ናት፤ ዓይኖቿ አብጠዋል፤ የታች ከንፈሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አለ። ዶኛ ኤርሚኒያ ለእንግዳው ትኩስ የሸንኮራ ውሃ ቀዳችለት።

«አባትሽን የምትላጪያቸው አንቺ ነሽ አሉ» አላት ሞስኬራ ልጅቱን።

«አዎ ጌታዬ። ግማሽ ጎኑ ሽባ ከሆነ ጀምሮ። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጅረት ዳር? ቤት ውስጥ አይሻልም?»

«ቀዝቃዛው ውሃ ደስ ይለው ነበር። አጎቴ ራሚሮ በየማለዳው አዝሎ ያወርደዋል። ስንጨርስ ደግሞ አዝሎ ወደ መጭመቂያው ይወስደዋል።»

«አዝሎ?»

«ጀርባው ላይ ወንበር አስሮ» አለች ዶኛ ኤርሚኒያ ጣልቃ ገብታ። «ባሌ በበቅሎ መውረድ አይፈልግም ነበር። በቅሎ ያደናቅፋል፤ ራሚሮ ግን አያደናቅፍም ይል ነበር። ሲዘገይ በከዘራው ጎኑን ይወጋዋል።»

«ትናንትስ እንዴት ሆነ?»

ዳሪ እናቷን አየች። «ግራውን ጨርሼ ሙቅ ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ... አንገቱ ላይ...»

«ፍላጻው ነበር» አለች እናቲቱ።

«እሷ ትጨርሰው እመቤቴ።»

«ፍላጻው ነበር» ደገመች ዳሪ።

ሞስኬራ ከሸንኮራ ውሃው ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። «ያቃጥላል! አንቺንም አቃጥሎሻል መሰል። ከንፈርሽን ምን ነካው?»

«ሾርባ ነው። ትናንት፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። አልተሰማኝም። ሰሞኑን ከንፈሬ እየደነዘዘ ነው የሚውለው። ጎረቤቶች ሰጡኝና ስጠጣ ተላጠ።»

«ምላጩ መሳሉን የምታውቂው እንዴት ነው?»

ልጅቱ ሳታስብ አውራ ጣቷን በምላሷ ላሰችና በሌለ ምላጭ ላይ ሸርተት አደረገችው፤ መልሳም ላሰችው። በዚያ ተራራ ላይ ምላጭ የሚፈትን ሁሉ የሚያደርገው ነው።

«አባትሽስ? ሰሞኑን ያመማቸው ነገር ነበር?»

«ሳሙናው ፊቴን ያሳክከኛል፣ ይወጋጋኛል፣ ምን ብትጨምሪበት ነው ይለኝ ነበር። ከትናንት በስቲያ...»

«ሳህኑን ፊቷ ላይ ወረወረባት» አለች ዶኛ ኤርሚኒያ። «ከዚያም በከዘራው። ልብሷን ገልጣ ልታሳይህ ትችላለች። ባል ይሞታል፤ ጠባሳው ይቀራል።»

ሞስኬራ ሊወጣ ሲነሳ ከምድጃው በላይ ወዳለው ግድግዳ ቀና ብሎ አየ። ጭስ ያጠቆረው አሮጌ የፍላጻ ሰገባ ከነፍላጻዎቹ ተሰቅሏል። ዶን ኤሊዮዶሮ በወጣትነቱ ኤምቤራዎችን ከሸለቆው ሲያስለቅቅ የወሰደው ነው አሉት፤ ለእንግዳ ሁሉ እያሳየ ይፎክርበት ነበር። ከበሩ አጠገብ ምሰሶው ላይ ደግሞ ምላጭ የሚሳልበት ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ታጥቦ የደረቀው ምላጭም አብሮት አለ።

«እነዚህን ልዋስ» አለና ቆዳውን በሁለት የሙዝ ቅጠል ይዞ አወረደው። እናትና ልጅ እንዲህ መጠንቀቁን አይተው ተያዩ።

ዶክተር ቤልትራን ከቦጎታ የመጣ የእንቁራሪት ተመራማሪ ነው። ጎጆው ከጅረቱ በላይ፣ ጭጋግ ከማይለየው ደን ዳር ነው። ዙሪያውን በመስታወት ሣጥኖች ተሞልቷል፤ በሣጥኖቹ ውስጥ እንደ ወርቅ ፍራንክ የሚያበሩ፣ እግራቸው ብቻ የጠቆረ ትንንሽ እንቁራሪቶች ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል። ቤልትራን ጥፍሩን ይነክሳል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለ ሞስኬራ።

«ማን ያልተጣላው አለ? ለእንቁራሪቶቹ ተብሎ ደኑ ይታጠራል የሚል ወሬ ሰምቶ ሰዎቹን ላከና እንቁራሪቶቹ የሚራቡበት ኩሬ ውስጥ ኖራ አስደፋበት። ሁሉም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። አዎ፣ ጠላሁት። ግን አልገደልኩትም።»

«ከነዚህ ሣጥኖች ማንም አንዷን ቢሰርቅ ሰው መግደል ይችላል?»

«እነዚህ? ዝንብም አይገድሉም። መርዙ የሚመጣው ደን ውስጥ ከሚበሉት ነፍሳት ነው። ሣጥን ውስጥ ሲከርሙ ባዶ ይሆናሉ። ከጅረቱ የተያዘች ከሆነች ግን ሌላ ነው።»

«መርዙ ሲደርቅስ ይሞታል?»

«ብዙ ይቆያል። ግን ለዘለዓለም አይደለም፤ ዓመታት ካለፉበት ተራ እንጨት ነው።»

«ቢዳሰስ?»

«ቆዳህ ደኅና ከሆነ አይገድልህም፤ ያሳክክሃል። ከንፈር ላይ ከነካህ ያደነዝዝሃል። ቁስል ካገኘ ግን፣ ትንሽ ጭረትም ብትሆን፣ ልብ ቀጥ ትላለች።» ቤልትራን ትንሽ አሰበ። «ባለፈው ሳምንት ከፏፏቴው ሥር የተጠበሱ እንቁራሪቶች ተጥለው አገኘሁ። በእሳት ሲያሞቋቸው መርዙ እንደ ላብ ይወጣል። ኦቶኒኤል መስሎኝ ሰደብኩት። እሱ ደግሞ ‹እኛ ጀርባዋን አሽተን እንለቃታለን፤ የሚጠብስ ስግብግብ ነው› አለኝ።»

«ኦቶኒኤል ለእርስዎ ነው የሚሠራው?»

«እንቁራሪት ይለቅምልኛል።»

«ትናንት ጠዋት፣ ልጅቱ ስትጮኽ የት ነበር?»

ቤልትራን ጥፍሩን ነከሰ። ከሣጥኖቹ አንዷ እንቁራሪት እንደ ፌንጣ ሲር ሲር አለች።

«ዶክተር?»

«እዚህ» አለ በመጨረሻ። «እዚሁ በር ላይ። ቅርጫቱን አብረን እየገለበጥን ነበር።»

«እጁን መጭመቂያው ውስጥ ሲያስገቡበትስ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሃያ ሠላሳ ሆነው ነበር እኮ! ሰክረው ነበር። ብናገር ጎጆዬን ያቃጥሉት ነበር። እነዚህ እንስሳት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም፤ ይገባሃል? ማን ይጠብቃቸዋል?»

ሞስኬራ ተነሳ። «በደንብ ይጠብቋቸው» አለና ወጣ።

ኦቶኒኤል ሲያጋማ ከመጭመቂያው አጠገብ መጋዘን ውስጥ የሸንኮራ ገለባ በተነጠፈበት ቃሬዛ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ ዶሚቲላ ከራሱ አጠገብ ተቀምጣ ዝንብ ትከላከልለታለች። ከክርኑ በታች የነበረው ሁሉ በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሏል። ትኩሳቱ ከሩቅ ይሰማል። ሞስኬራ በቅሎ ወደ ሐኪም እንዲላክ ረፋድ ላይ ሲደርስ አዝዞ ነበር፤ በቅሎ ነጂው ግን በቅሎዎቹ ደክመዋል ብሎ ሳይልክ ቀርቷል። ሞስኬራ ይህን የሰማው አሁን ነው። ወጣና የራሱን በቅሎ ለአንድ ሠራተኛ ሰጥቶ ሰውዬውን ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ሸኘው። ተመልሶም ከበሽተኛው አጠገብ ተንበረከከ።

«ኦቶኒኤል፣ ምን ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም» አለ ኦቶኒኤል ዓይኑን ሳይከፍት። «‹አዎ በል› ነው ያሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።»

ራሚሮን ያገኘው ከመጭመቂያው ምድጃ ፊት ነው፤ የሚፈላውን የሸንኮራ ጭማቂ ያማስላል። ሠራተኞቹ አጠገቡ ቆመው ይስቃሉ።

«እህሳ ቆለኛው! እንቁራሪቶቹ ተናዘዙልህ?»

«ትንሽ ትንሽ» አለ ሞስኬራ። «ከወንድምዎ ጋር ትቀራረቡ ነበር?»

«ከእኔ የበለጠ ማን ይቀርበዋል? ጀርባዬ ላይ ነበር የሚኖረው።» ሠራተኞቹ ሳቁ። «አርጅቶ የጣለውን ሸሚዝ እለብሳለሁ፤ የተረፈውን ሾርባ እጠጣለሁ፤ እሱ በተላጨበት ምላጭ እላጫለሁ። ወንድማማች ማለት ይኼ አይደል?»

«ጺምዎ አድጓል።»

ራሚሮ አገጩን ዳሰሰ። «ሐዘን ነው። እኛ ጋ ወንድም የሞተበት አይላጭም። እናንተ ጋስ?»

«እኛም ጋ እንደዚሁ ነው» አለ ሞስኬራ። ቀረብ ብሎ ጺሙን አየ፤ ጥቅጥቅ ያለና በጣት የሚያዝ ነበር። «አመሻሹ ላይ ሁሉም ሰው እዚህ መጭመቂያው ዘንድ ቢሰበሰብልኝ። ሁለት ዶሮም እፈልጋለሁ።»

«ልትበላ?»

«አይ። እነሱም የሚመሰክሩት አለ።»

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ሳትገባ ሰው ተሰበሰበ። ዶኛ ኤርሚኒያ ጥቁር ለብሳ ከልጇ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዶክተር ቤልትራን በሩ አጠገብ ቆመ። ሠራተኞቹ፣ እነዚያው ትናንት እዚያው ቦታ የተሰበሰቡት፣ በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። መጭመቂያው መሃል ላይ ነው፤ ማንም ወደ እሱ አያይም።

ሞስኬራ መሐረቡን ፈታና ፍላጻዋን አወጣ። አንዷን ዶሮ ብብቷ ሥር ወጋት። ዶሮዋ ጮኸች፣ ደማች፣ ከዚያ መሬት ላይ ሲለቋት ላባዋን አራግፋ ጥሬ መልቀም ጀመረች።

«ይህች ናት ዶን ኤሊዮዶሮን ገደለች የተባለችው» አለ ሞስኬራ። «ዶሮ እንኳን አልገደለችም። የቆየች ስለሆነች ነው፤ መርዟ ከሞተ ዘመን አልፎታል። ጥጧን ያሸተተ ደግሞ ከየት እንደመጣች ያውቃል፤ ጥቀርሻ ትሸታለች። ኦቶኒኤል የሚያድንበት ፍላጻ ደን ውስጥ ነው የሚኖረው። ይህች ግን ከምድጃ በላይ ዓመታት ጭስ ስትጠጣ የኖረች ናት።»

ሰዉ አንገቱን ወደ ዶኛ ኤርሚኒያ አዞረ። እሷ ፊቷን አላንቀሳቀሰችም።

«ደግሞም ቁስሉ የፍላጻ አልነበረም። ፍላጻ ክብ ቀዳዳ ነው የሚያበጀው። የሟቹ አንገት ግን የምላጭ ስንጥቅ ነበረበት፤ ፍላጻዋ የተሰካችው በተዘጋጀው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጫፏ ላይ ሳሙና ነበር። ሟቹ የሞቱት ፊታቸው ላይ አረፋው ሳይደርቅ፣ የሚላጫቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሳለ ነው።»

አሁን ምላጩንና በቅጠል የተጠቀለለውን ቆዳ አወጣ። ምላጩን ቆዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ሳለው፤ ሁለተኛዋን ዶሮ ያዘና አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒዋን በጫፉ ጫር አደረገው። አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ወጣች። ዶሮዋ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ እግሮቿ ተሳሰሩ፤ አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ ተንፈራገጠች፤ መሬቱን በክንፏ ደበደበችና ቀጥ አለች።

«የድንግል ያለህ!» አለ አንዱ።

«ምላጩ ታጥቧል፤ መርዙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። አንድ ሰው እንቁራሪቶቹን ጠብሶ፣ እንደ ላብ የወጣውን መርዝ ቆዳው ላይ ቀብቶ አድርቆታል። ምላጩ በተሳለ ቁጥር ይዞት ይሄዳል። ምላጩን የሳለችው፣ አባቷን የላጨችው ደግሞ...»

«እኔ ነኝ!» ዶኛ ኤርሚኒያ ብድግ አለች። «ፍላጻውን የሰካሁት እኔ ነኝ! ልጄን ተዋት! ስትጮኽ ደረስኩ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል፤ ምላጩ እጇ ላይ ነው፤ አንገቱ ይደማል። ከትናንት በስቲያ እንዴት እንደደበደባት አይቻለሁ። ምን ላስብ? ‹ደግ አደረግሽ› ነው ያልኳት! ወደ ማድቤት ሮጥኩ፤ ያገኘሁትን ፍላጻ ይዤ ተመለስኩ። ከማዶ አንድ ኤምቤራ አይተን ነበር። ሌላ ሰው ቢኖር ሌላውን እል ነበር።»

«እማማ፣ እኔ አልገደልኩትም አልኩሽ እኮ» አለች ዳሪ። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነው። «ማልኩልሽ...»

«እናትሽ አላመነችሽም» አለ ሞስኬራ። «እኔ ግን አምናለሁ። ቆዳው ላይ መርዝ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቆዳ የተሳለን ምላጭ በአውራ ጣቱ ፈትኖ ጣቱን አይልስም። አንቺ በየጠዋቱ ስትልሺው ነበር። ለዚህ ነው ከንፈርሽ የደነዘዘው፤ ለዚህ ነው ትኩስ ሾርባ ሲያቃጥልሽ ያልተሰማሽ። አፍሽ ውስጥ አንዲት ጭረት ብትኖር ኖሮ ከአባትሽ በፊት አንቺን እንቀብርሽ ነበር። መርዙን የቀባው ሰው ይህን ያውቃል። ግድ አልነበረውም።»

በመጋዘኑ በር ዶሚቲላ ብቅ አለች። ማንም ልብ አላላትም። እዚያው ቆመች።

«አባትሽ ደግሞ ሰሞኑን ሁሉ ፊቴን ይወጋጋኛል ይሉ ነበር» ቀጠለ ሞስኬራ። «ስለዚህ መርዙ የተቀባው በሞቱበት ቀን አይደለም፤ ቀናት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ምላጭና በዚያ ቆዳ የሚጠቀም አንድ ሌላ ሰው አለ። እሱ ለምን አልደነዘዘም? ለምን አልሞተም?» ወደ ራሚሮ ዞረ። «ጺምዎን ለሐዘን አሳደግኩ አሉኝ። ወንድምዎ የሞቱት ትናንት ነው። የሳቸው ቀኝ ጉንጭ ሳይላጭ ቀርቷል፤ ዳስሼዋለሁ፤ በየቀኑ የሚላጭ ሰው ሳይላጭ ሲቀር ያን ያህል ነው። የእርስዎ ግን በጣት ይያዛል። ሐዘን የጀመሩት ሟቹ ሳይሞቱ ነው።»

ራሚሮ ፈገግ አለ። «ሰነፍኩ። ሰው መስነፍ አይችልም?»

«ይችላል። ዳሪ፣ ትናንት እጅሽ ለምን ተሳሳተ? ከዚህ በፊት አባትሽን ቆርጠሻቸው ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ። ብቆርጠው ይገድለኝ ነበር። ትናንት ግን... ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«አጎቴ ሊሄድ ሲል ቀልድ ነገረው። ‹ወንድሜ፣ አንተን ተሸክሜ ስሄድ አንድ መንገደኛ በቅሎው ይሸጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በቅሎውስ አይሸጥም፤ ጭነቱን ግን በነጻ ውሰድ አልኩት› አለው። አባቴ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። አንገቱ ተንቀጠቀጠ፤ እጄ...» ወደ አጎቷ ዞረች። «ለዚህ ነው የነገርከው?»

ራሚሮ ሠራተኞቹን ተራ በተራ አየ፤ ማንም አልሳቀለትም። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ተገፈፈ።

«በየጠዋቱ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ» አለ ለዳሪ። «በየጠዋቱ! እጅሽ ግን እንደ ሐር ነው። አንዴም አትሳሳቺም። ለሱ ይህን ያህል መጠንቀቅሽ ያበሽቀኝ ነበር። ቢቸግረኝ ቀልድ ፈጠርኩ። እዩልኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ ባልኩት ነገር ስቆ አያውቅም። ትናንት ሳቀ!» ጮኸ። «ራሴን በቅሎ ስላልኩ ሳቀ!»

«ፍላጻውንስ ሲያዩ ምን አሰቡ?» አለ ሞስኬራ። «እርስዎ ከጅረቱ ሲወጡ ፍላጻ አልነበረም። መርዙ የት እንዳለ ያውቃሉ። ኦቶኒኤል ንጹሕ መሆኑን ከሁሉ በላይ ያወቁ እርስዎ ነበሩ። እጁን ወደ ብረቱ የመሩት ግን እርስዎ ኖት።»

«እግዜር የላከልኝ መስሎኝ ነበር» አለ ራሚሮ። «ብቻዬን ግን አልያዝኩትም። ይኸው ሁሉም እዚህ ናቸው፤ ጠይቃቸው። አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ክርኑን። ደስ እያላቸው!»

ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ቤልትራን ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ አጠለቀው።

ሞስኬራ የራሚሮን እጆች በሰንሰለት አሰረ። «ነገ ከተማ ስንወርድ ዶኛ ኤርሚኒያም አብራን ትወርዳለች። ዶክተርም እንዲሁ፤ የሚመሰክሩት አላቸው። እናንተ ግድግዳ የተደገፋችሁት ደግሞ፣ ሰንሰለት ስላነሰኝ እንጂ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ዶሚቲላን አያት። «እህቴ፣ ለባልሽ ንገሪው። ንጹሕ መሆኑ በሁሉም ፊት ታውቋል።»

«ሞቷል» አለች ዶሚቲላ።

«መቼ?»

«ዶሮዋ ስትንፈራገጥ። ሁላችሁም እሷን ታዩ ነበርና መናገር አልፈለግሁም።»

ዶኛ ኤርሚኒያ ከአግዳሚው ተነስታ ወደ ሴትየዋ ተንገዳገደች። ከእግሯ ሥር ወደቀች። «ይቅር በይኝ» አለች። «ልጄን ላድን ብዬ ነው። አንቺም እናት ነሽ፤ ልጄን ላድን ብዬ ነው።»

ዶሚቲላ ቁልቁል አየቻት።

«እኔም አራት ልጆች አሉኝ» አለች። «እነሱን ለማዳን ደግሞ እኔ የማንን ባል ላስገድል?»

ዳሪ ብቻ ተነስታ ወደ መጋዘኑ ገባች፤ ቃሬዛውን በአንድ በኩል ይዛ ለማንሳት ታገለች። አልቻለችም። ሞስኬራ ሹራቦቹን አውልቆ በሌላው በኩል ገባ። ሁለቱ ሬሳውን ይዘው ሲወጡ ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ሊያግዝ የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው አንዱ፣ «ጭማቂው እያረረ ነው» ሲል ተሰማ። ሌላው ደግሞ በቅሎዎቹን ጠራ።